ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት

ቆዪ እስኪ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። ነጥብሽ ለቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 የሚበቃ ከሆነ «ቶሎ ልውጣ» ብለሽ ደረጃ 2 ላይ ራይት አታድርጊ። ኢንጂነር መሆን ነው የምትፈልጊው አይደል? እንግዲያው ቴክኒክና ሙያ የምትገቢው ልትቀሪበት ሳይሆን ልታልፊበት ነው፤ ምርጫሽም ከዛሬው በዚያ ልክ ይሁን።

«ወደቀች» የሚሉሽን ተያቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 የትምህርት ዘመን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 ከመቶው ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። አንቺን ለይቶ የሚያማ ካለ የራሱን ልጅ ውጤት ጠይቂው።

እኔ ኤሌክትሪክ ምረጪ ነው የምልሽ። ጋምቤላ ውስጥ ውሃ የሚስበው ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ ሁሉም የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። ሥልጠናው ደግሞ 70 ከመቶው ተግባር እንዲሆን የተቀረጸ ነው፤ እጅሽ ይፈታል። የምሰጋው ለእጅሽ ሳይሆን ለሒሳብሽ ነው።

ለምሳሌ ስታር ዴልታ የሚባለውን የሞተር ማስነሻ ትሠሪያለሽ፤ ሦስት ኮንታክተር፣ አንድ ታይመር፣ የተጠላለፈ ሽቦ። ሞተሩ በስታር ይነሳል፣ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ዴልታ ይዞራል። በቀጥታ በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው ከረንት ሲሶውን ብቻ እንዲስብ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ። ወርክሾፕ ውስጥ ሽቦሽ ልክ ከሆነና ሞተሩ ከተነሳ አለፍሽ። ዩኒቨርሲቲ ግን «ለምን ሲሶ? ለምን ግማሽ አልሆነም?» ይልሻል። በስታር ጊዜ እያንዳንዱ የሞተሩ ጥቅል የሚደርሰው ቮልቴጅ በስኩዌር ሩት 3 ይካፈላል፤ በዴልታ ደግሞ የመስመሩ ከረንት ከጥቅሉ ከረንት በዚያው ቁጥር ይበልጣል፤ ሁለቱ ሲባዙ 3። ማታ ማታ እንዲህ ያለውን በወረቀት አውጪው፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ መጽሐፎችሽንም ለማንም እንዳታውሺ።

ሌላው፣ ወንዶቹ «ላግዝሽ» እያሉ ፒንሳውን ከእጅሽ ሊቀበሉሽ ይሞክራሉ። ደግ ናቸው፣ ግን አትስጪ። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናው ላይ መዛኙ ፊት ብቻሽን ነው የምትቆሚው፤ ሽቦውን ስትይዢ አይቶ ነው «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚልሽ። ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅት ስትወጪም ቢሮ ውስጥ ፋይል የሚያስደረድሩሽ ቦታ አትመደቢ። ፓምፕ ያለበት፣ ማሽን የሚፈታበት ይሁን፤ ቢያቆሽሽሽም።

ደረጃ 4ን ጨርሶ ሲኦሲ ያለፈ ሰው ለዲግሪ የሚያመለክትበት መንገድ አለ፤ መስፈርቱ ግን ስለሚለዋወጥ የጓደኛ ወሬ ይዘሽ አትጓዢ። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ መቱ ወይም ጅማ፣ ሬጅስትራሩን የዚያን ዓመት ማስታወቂያ በወረቀት አሳዩኝ በያቸው። የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አምስት ዓመት ነው፤ ኮሌጅ ያሳለፍሽው ይቀነስልኛል ብለሽ አትቁጠሪ። ብር ማጠራቀም የምትጀምሪውም ይህን አስበሽ ነው። ትራንስክሪፕትሽንና የሲኦሲ ሰርተፍኬትሽን ኮፒ አድርገሽ አንዱን እኔ ጋ አስቀምጪ፤ እቤት ያለውን ዝናብ ያገኘዋል።

ቱታውን እኔ እገዛልሻለሁ። አንቺ ነገ ጠዋት ሰልፉ ሳይረዝም ሂጂና ዘንድሮ በኤሌክትሪክ ደረጃ 4 ይከፈት እንደሆነ ጠይቂ። ካልተከፈተ ሌላ ነገር ላይ ሳትፈርሚ መጀመሪያ ደውዪልኝ።