ስልኩ ከመጠየቁ በፊት

መርሳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር። ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ ተማሪ።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ትናንት የተሸነፍኩትን የቼዝ ጨዋታ በስልኬ ላስመረምር ስል ኔትወርክ የለም። ስህተቴን በምን ልወቅ?

ጋሼ፦ እርምጃዎቹን ጽፈሃል?

ተማሪ፦ ሁሉንም።

ጋሼ፦ ያመነታህባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርግና ያኔ ያሰብከውን ጻፍ፤ ዛሬ የታየህን አይደለም። ከዚያ በተጋጣሚህ ወንበር ተቀመጥና ምርጡን መልስ ፈልግለት። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ለተጋጣሚው ለራሱ የሚመቸውን መልስ ይሰጠዋል።

ተማሪ፦ ኮምፒውተር ግን በቅጽበት ይነግረኛል።

ጋሼ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን የረታ ነገር ነውና አልከራከረውም። ውድድር ላይ ግን አብሮህ አይገባም። እስቲ የነጭን ንጉሥ ኢ5፣ ወታደሩን ኢ4፣ የጥቁርን ንጉሥ ኢ7 ላይ አድርግ። ተራው የነጭ ነው።

ተማሪ፦ ወታደር አለኝ፣ አሸንፋለሁ።

ጋሼ፦ ጠጠሮቹን ሳትነካ አስብ።

ተማሪ፦ ወደ ዲ5 ስሄድ ዲ7 ላይ ይቆምብኛል። ኤፍ5 ስል ኤፍ7። አያሳልፈኝም... እኩል ነው!

ጋሼ፦ ወታደሩን ኢ3 ላይ አድርገው፤ ተራው አሁንም የነጭ ነው።

ተማሪ፦ ኢ4 እገፋዋለሁ። ያው ቦታ መጣ፣ ተራው ግን የእሱ ሆነ። ንጉሡ የግድ መንገድ ይለቅልኛል!

ጋሼ፦ አንድ ትርፍ እርምጃ ነው የለየው። ስልኩ ውጤቱን ብቻ ቢነግርህ ምክንያቱ በአእምሮህ አይቀርም ነበር።

ተማሪ፦ ብቻዬን ስመረምር ልክ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ጋሼ፦ ብቻህን መርምር ማን አለህ? በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ጮክ ብለው ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በቫርና የቼዝ ኦሊምፒያድም የሶቪየቱ ቦትቪኒክ ከአሜሪካዊው ፊሸር ጋር ሲጫወት አንድ ወታደር ጎድሎት ጨዋታው ለማግስቱ ተላለፈ። የሶቪየት ቡድን ሌሊቱን ሲመረምር የቡድኑ አባል ጌለር የማምለጫውን መንገድ አገኘ፤ ፊሸርም ማሸነፍ አቃተው። በዚያ ሌሊት የረዳቸው ቦርድና ጭንቅላት ነው።

ተማሪ፦ ኔትወርክ ሲመለስስ?

ጋሼ፦ በመጨረሻ ጠይቀው። ወረቀትህን አጠገቡ አድርገህ የተለያያችሁበትን ብቻ መርምር፤ የሚያስተምርህ እሱ ነው። አሁን ጨዋታውን አምጣ፤ ያሸነፈህንም ልጅ ጥራው።