ከዐሥር ጨዋታ ሁለት

አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ዐሥር ጊዜ ተጫውቶ ስምንቱን ተሸነፈ፣ ሁለቱን አሸነፈ። ከመቶ ሃያ መሆኑ ነው። በምዘና ትምህርታችን መሠረት ውጤቱ «ወድቋል» ነው፤ እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደ ደረሰ ስናጠና ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው።

ቡድኑ በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በሀንቲንግተን ከተማ የሚገኘው የማርሻል ዩኒቨርሲቲ ነው። ጨዋታውም እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ይዘዋት ይሮጣሉ፣ ይወረውሯታል። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሷን ለባላጋራው ይለቃል። ኳሷን ከመጨረሻው መስመር ያሻገረ 6 ነጥብ ያገኛል። የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ሰዎች የተለያዩ ስለሆኑ፣ ግጭቱም ከባድ ስለሆነ፣ አንድ ቡድን ብዙ ተጫዋች ያስፈልገዋል። ይህቺን ልብ በሉልን።

ኅዳር 5 ቀን 1963 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን ኖቬምበር 14 ቀን 1970) ቡድኑ ከኢስት ካሮላይና ጋር ተጫውቶ 17 ለ14 ተሸንፎ ሲመለስ፣ የተከራየው አውሮፕላን በዝናብና በጉም መሀል ሊያርፍ ሲል ከአየር ማረፊያው አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 75 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከእነዚህ 37ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። አሠልጣኙ ሪክ ቶሊም አብሮ ሞተ። ማንነታቸው ሊለይ ያልቻለ ስድስት ተጫዋቾች ጎን ለጎን ተቀበሩ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይጫወት? እንደ ኔት ረፊን ተጎድተው ከጉዞው የቀሩ ጥቂት ልጆች ነበሩ። ሌላው አዲስ ገቢ ነው። በዚያን ጊዜ ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበርና ዩኒቨርሲቲው ልዩ ፈቃድ ጠይቆ አገኘ። ከቅርጫት ኳስ ሳይቀር የመጡ ነበሩ።

አዲሱ አሠልጣኝ ጃክ ሌንጌል ይባላል። እኛን እጩ መምህራንን የሚመለከተው የእሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ ያሰበው ባላጋራን በጉልበት ገፍቶ መንገድ የሚከፍት አጨዋወት ነበር፤ ልጆቹ ግን ያን ጉልበት አልነበራቸውም። ስለዚህ እቅዱን ጣለው። የጎረቤቱን የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ቦቢ ባውደንን «አጨዋወታችሁን አሳዩን» ብሎ ለመነ፤ ባውደንም አልሰሰተም። ያ አጨዋወት «ቪር» ይባላል። አንዱን ተከላካይ ሆን ብለው ሳይገፉት ይተዉታል፤ ኳስ አቀባዩ ኳርተርባክ ሰውዬው ወደ የት እንደሚሄድ አይቶ ኳሷን ይሰጣል ወይም ራሱ ይዟት ይሮጣል። ጉልበት ያነሰው በዐይን ይካካሳል ማለት ነው። እኛ ግን በማስተማር ልምምዳችን ላይ ያዘጋጀነውን የትምህርት እቅድ ይዘን ገብተን፣ ተማሪዎቹ ያለፈውን ምዕራፍ እንዳልተረዱ እያየን፣ እስከ ደወሉ ድረስ እቅዳችንን አነበነብንላቸው! መቀየር ይቻላል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከሞርሄድ ስቴት ጋር ሲሆን 29 ለ6 ተሸነፉ። መስከረም 14 ቀን 1964 ዓ.ም. በከተማቸው ሜዳ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲን ገጠሙ። 13 ለ9 እየተመሩ ሰዓቱ አለቀባቸውና አንድ ሙከራ ብቻ ቀረቻቸው። ሬጂ ኦሊቨር አጭር ኳስ ለቴሪ ጋርድነር አቀበለ፤ ጋርድነርም ይዟት ገባ። 15 ለ13! ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቀለቀው ይባላል፤ ማን እንደሳቀና ማን እንዳለቀሰ መለየት ያስቸግር እንደ ነበር እንገምታለን።

ከዚያ በኋላ ያሸነፉት ቦውሊንግ ግሪንን ብቻ ነው፣ 12 ለ10። ቀሪው ሽንፈት ነው፤ አንዳንዱም የሚያሳፍር ልዩነት ነበረው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመኝታ ክፍላችን ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን «በሰርተፊኬቱ ላይ ከመቶ ሃያ ተብሎ ይጻፍ፣ እውነቱ እሱ ነውና» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ከሰርተፊኬቱ ጎን መነሻውም ካልተጻፈ ሃያው ራሱ ውሸት ነው» አልን። አልተስማማንም፤ የምዘና መምህራችን ይፍረዱን።

በማርሻል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሟቾቹ መታሰቢያ የተሠራ ፏፏቴ አለ። በየዓመቱ ኖቬምበር 14 ቀን ተማሪዎች ይሰበሰቡና ውሃው ይዘጋል፤ እስከ ጸደይም ተዘግቶ ይቆያል።