ቦቶክስ፣ ማዲያት እና ሳንመልሰው የቀረነው ጥያቄ



ባለፈው ዓመት ከዙህር ሶላት በኋላ ይሰጥ በነበረው የእህቶች ደርስ ላይ አንዲት እህታችን ጥያቄ በወረቀት ጽፋ አቅርባ ነበር። «ፊትን በሕክምና ማስዋብ በሸሪዓ እንዴት ይታያል?» የሚል ነው። ሰዓቱ ስላለቀ «የአላህን ፍጥረት መለወጥ ሐራም ነው» ብለን ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍን። እህታችን ግን የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር። ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ማዲያት ወጥቶባት ነበርና የቆዳ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ኃጢአት እንዳይሆንባት ፈርታ ነው የጠየቀችው። «ሐራም» የሚለውን ቃል ስትሰማ ሐኪሙን ተወችው። ክሬም መቀባት ሕክምና ስላልመሰላት ግን ጓደኛዋ ከሱቅ ያመጣችላትን ክሬም ለ4 ወር ተቀባች። ረመዳን ሲገባ ፊቷ ቀልቶ፣ ቆዳዋ ሳስቶ፣ ፀሐይ ባገኛት ቁጥር የሚያቃጥላት ሆኖ አገኘናት።

ጥፋቱ የእኛ ነው። በዚሁ ሰሞን ደግሞ የተመራቂ ክፍል የሆነች ሌላ እህት፣ ከዱባይ የመጣች አክስቷ «ለምርቃትሽ ቦሌ ወስጄ ቦቶክስ ላስወጋሽ» እንዳለቻት ነገረችን። ዕድሜዋ 22 ነው። አክስቲቱ «ሳይሸበሸብ በፊት ነው መከላከል» ብላታለች። ሁለቱ እህቶች የጠየቁት በአንድ ቃል ነው፤ መልሳቸው ግን አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለየብቻ ለመመለስ እንሞክራለን ኢንሻአላህ።

ከመገናኛ ታክሲ ይዞ ወደ ቦሌ የወረደ ሰው፣ ከ22 እስከ አትላስና ቦሌ መድኃኔዓለም ባለው አካባቢ ያለ ቀዶ ሕክምና ወጣት እናደርጋለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ሳያይ አይመለስም። ምን እንደሆኑ ሳያውቁ ብይን መስጠት ስለማይገባ፣ በሕክምናና በፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች ያሉ የጀመዓችን አባላት አስረድተውናል።

ቦቶክስ የሚባለው ቦቱሊነም የተሰኘ በባክቴሪያ የሚመረት መርዝ ነው። በተበላሸ ምግብ ወደ ሰውነት ከገባ ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። በጣም ጥቂት መጠን ተመጥኖ በጡንቻ ሲወጋ ደግሞ ነርቭ ለጡንቻው የሚልከውን አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ያግዳል። ጡንቻው ስለሚዝል ላዩ ላይ ያለው ቆዳ መሸብሸቡን ይተዋል። ውጤቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጀምርና ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ያልፋል። ስለዚህ አንዴ የጀመረ ሰው በዓመት 3 ጊዜ ያህል መመላለስ አለበት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈቀደው ለሸውራራ ዓይንና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ሕመም ነበር። በቅንድቦች መካከል ላለው ሽብሽብ የተፈቀደው በ2002 ነው። መድኃኒቱ ውበት ቤት የገባው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ነው ማለት ነው።

ፊለር የሚባለው ከዚህ ይለያል። ብዙውን ጊዜ በሰውነታችን ውስጥም የሚገኘው ሃያሉሮኒክ አሲድ ሲሆን፣ ከዕድሜ ጋር የጎደለውን ጉንጭ ወይም ከንፈር ለመሙላት ይወጋል። እንደየዓይነቱ ከ6 እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። አደጋው መርፌው የደም ሥር ውስጥ ከገባ ነው። የደም ሥሩ ሲዘጋ ቆዳ ይሞታል፤ ወደ ዓይን የሚሄደው ከተዘጋ ደግሞ ሰውዬው ሊታወር ይችላል። ወዲያው የሚያሟሟ መድኃኒት በእጁ የሌለው ሰው ይህን መርፌ ማንሳት የለበትም። ከእነዚህ ሌላ ሌዘርና የላይኛውን ቆዳ በአሲድ የሚልጥ ሕክምና አለ፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ሸሪዓው። የዚህ ርዕስ መሠረት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው። በውስጡ የሚነቅሱና የሚነቀሱ፣ ቅንድብ የሚነቅሉ፣ ለውበት ብለው ጥርሳቸውን ሞርደው ፍንጭት የሚያወጡ ሴቶች ተረግመዋል። ምክንያቱም የአላህን ፍጥረት መለወጣቸው እንደሆነ ተጠቅሷል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 119ኛው አንቀጽም ሸይጧን የሰውን ልጅ የአላህን ፍጥረት እንዲለውጥ አዘዋለሁ ብሎ መዛቱ ተነግሯል።

ለእኛ ሀገር ሰው ይህ ሐዲስ ሩቅ አይደለም። በሰሜኑ ክፍል ብዙ እናቶቻችን ድዳቸውንና አንገታቸውን ተነቅሰዋል፤ ፍንጭት ጥርስም ሲወደስ ሰምተን አድገናል። ዐረቦቹ ጥርስ የሚሞርዱት ለምን ነበር? ኢማም አን-ነወዊ በሙስሊም ሐዲስ ማብራሪያቸው እንደሚሉት፣ ይህን የሚያደርጉት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ነበሩ። በጥርሶች መካከል ያለው ስስ ክፍተት የልጃገረዶች ምልክት ስለነበር፣ ያረጀችው ጥርሷን ትሞርድና ወጣት ትመስላለች። ስለ ቦቶክስ ጥንት ማን ተናገረ የሚል ካለ፣ የዛሬው ጥያቄ ራሱ ያኔ ተጠይቆ ነበር። ሞረዱ በመርፌ ተተካ እንጂ።

እዚሁ ላይ አን-ነወዊ እኛ ያን ቀን ከመድረክ ያልተናገርነውን ይጨምራሉ። ሐዲሱ ውስጥ «ለውበት» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም፤ የተከለከለው ውበት ተፈልጎ የሚደረገው ነው፤ ለሕክምና ወይም ጥርሱ ላይ ላለ ጉድለት ቢያስፈልግ ግን ችግር የለውም ይላሉ። ለዚህ የሚጠቀሰው የሶሓባው የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ በብር አፍንጫ ተክተውት ነበር። ብሩ ሲሸትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ መሆኑን ለምታውቁ የዚህ ፈቃድ ክብደት አይጠፋችሁም። የተቆረጠ አፍንጫ ያለበት ሰው «የአላህን ውሳኔ ተቀበል» ተብሎ አልተሸኘም።

በእኛ ዘመን ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባካሄደው 18ኛ ጉባኤ ይህንኑ መስመር ይዞ ወስኗል። በተፈጥሮም ሆነ በአደጋ፣ በቃጠሎ ወይም በበሽታ የመጣን ጉድለት ማከም ይፈቀዳል። ጤናማ የሆነን መልክ በስሜትና በፋሽን መለወጥ አይፈቀድም። ስለ ሽብሽብ በግልጽ የተናገረውም አለ፦ የበሽታ ሁኔታ ካልሆነና ጉዳት እንደማያስከትል ካልተረጋገጠ በቀር ሽብሽብን በቀዶ ሕክምናም ሆነ በመርፌ ማስወገድ አይፈቀድም።

የተለየ አቋም የያዙ ዑለማዎች እንዳሉም መደበቅ አንፈልግም። ቁርጡቢ በተፍሲራቸው፣ ክልከላው ለሚዘልቅ ለውጥ ነው፤ እንደ ኩሕል ያለ የማይዘልቅ ጌጥ ግን ለሴቶች ይፈቀዳል የሚል አስተያየት ጠቅሰዋል። ከዛሬዎቹ አንዳንዶች ይህን ይዘው «ቦቶክስ በ4 ወር የሚጠፋ ስለሆነ እንደ ጊዜያዊ ጌጥ ይታያል» ይላሉ። እኛ ይህ ሚዛን የሚደፋ አይመስለንም። ኩሕል ከላይ ያርፋል፤ መርዝ ግን ነርቭን ያግዳል። በየ4 ወሩ የሚደገም ነገርም ጊዜያዊ ነው ማለት ይከብዳል። የሚከተሉትን ግን አንወነጅልም።

እንግዲህ የ22 ዓመቷ እህታችን ፊት ላይ ምንም ጉድለት የለም። የሚመጣውም ሽብሽብ በሽታ አይደለም። በሱረቱ አር-ሩም 54ኛው አንቀጽ አላህ ሰውን ከድክመት ወደ ብርታት፣ ከብርታት ወደ ድክመትና ሽበት እንደሚያሸጋግር ሲናገር፣ እርጅናን የፍጥረቱ አካል አድርጎ እንጂ የፍጥረቱ ብልሽት አድርጎ አይደለም። ስለዚህ ለአክስቷ «አይሆንም» ብላ ብትመልስ ትክክል ናት። አክስቷን ግን በትህትና ታናግራት፤ ያሰበችላት ደግ ነገር መስሏት ነው።

ወንድሞች፣ ይህ የእህቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡ። ፀጉር ለማስተከል ኢስታንቡል የሚሄደው ወንዱም ነው። የፊቅህ አካዳሚው የፀጉር መርገፍን ማከምና ማስተከልን ፈቅዷል። ሽበት ማጥቆር ግን ሌላ ነው። በመካ መከፈት ቀን የአቡበክር (ረ.ዐ) አባት አቡ ቁሓፋ ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ ሲመጡ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀለሙን እንዲለውጡት፣ ጥቁሩን ግን እንዲርቁ ማዘዛቸውን ሙስሊም ዘግቧል። እርጅናን ማስዋብ እንዳልተከለከለ ከዚህ እንረዳለን። ሂና የሚፈልግ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ካሉት የሶማሌ ወንድሞቻችን ሱቆች ማግኘት ይችላል። ፊት የሚታጠቡበት ቃሲልም እዚያ አለ። «ጥቁር ሂና» የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ። ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ትክክለኛው ሂና ቀይ ቡናማ ነው።

ማዲያቷ እህታችን ጋ እንመለስ። ማዲያት፣ የብጉር ጠባሳ፣ ለምጽ፣ የቃጠሎ ምልክት፣ እነዚህ ጉድለቶችና ሕመሞች ናቸውና ማከማቸው በዐርፈጃ አፍንጫ በኩል የሚታይ ነው። ድሮ የተነቀሰች እናት አንገቷን በሌዘር ማስጠፋት ብትፈልግም እንደዚሁ፤ ጉዳት ከሌለው ይበረታታል። ጥያቄው ሐራም ነው ወይ ሳይሆን፣ በማን እጅ የሚለው ይሆናል።

ይህም ቀላል ጥያቄ አይደለም። የቆዳ ሐኪሞች የሰውን ቆዳ በ6 ደረጃ ይከፍሉታል፤ አብዛኞቻችን ከ4ኛው እስከ 6ኛው ውስጥ እንወድቃለን። የሌዘር ብርሃን የሚፈልገው የቆዳን ቀለም ስለሆነ፣ ለነጭ ቆዳ ተብሎ የተስተካከለ መሣሪያ የእኛን ቆዳ ያቃጥላል፤ ሊያጠፋው ከመጣው የባሰ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ለጠቆረ ቆዳ የተሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ሌዘር ነው። በአሲድ መላጥም ጠለቅ ባለ ቁጥር ይኸው አደጋ አለው። ስለዚህ ወደየትኛውም ቤት ስትገቡ መጠየቅ መብታችሁ ነው፦ የሚያክመኝ የቆዳ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው? መሣሪያው የትኛው ነው? በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ሠርታችሁበታል? ለሕመም ቦቶክስ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ማቀዝቀዣቸውን ይጠይቅ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩት።

የክሬሙ ነገር ከመርፌው ይልቅ ያስፈራናል፤ ማንም ሕክምና ነው ብሎ ስለማይፈራው። ፊት ያቀላሉ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ክሬሞች ክሎቤታዞልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፤ ቀጥሎ ቆዳን ያሳሳል፤ ሲተዉት ደግሞ ፊት ቀልቶ በብጉር ይሞላል። ያን ጊዜ ሰው ተመልሶ ይቀባዋል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት የማይለቅ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ሊያመጣ ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመዋቢያ ምርቶች ቁጥጥር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በሻንጣ የገባው ክሬም ግን በዚያ በር አላለፈም። ከዚህም በላይ፣ አላህ የሰጠውን ጤነኛ ጥቁር ቆዳ ነጭ ማድረግ ራሱ ከላይ ያየነው ክልከላ ውስጥ የሚገባ ነው። ማዲያትን ማከምና ቆዳን ማንጣት አንድ አይደሉም።

ያ ሐዲስ አንድ የሚቀረው ክፍል አለ። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ርግማኑን ሲናገሩ ኡሙ ያዕቁብ የተባለች ሴት ሰምታ መጣች። ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ፤ ይህን ግን አላገኘሁም አለቻቸው። ዝም በይ አላሏትም። ማስረጃውን አሳዩአት። የአንተም ሚስት ይህን ታደርጋለች ስትላቸው፣ ገብተሽ እይ አሏት፤ ገብታ አየች፤ ምንም አላገኘችም። እኛ ያን ቀን ለእህታችን 2 ደቂቃ አልሰጠናትም።

ከዒድ በኋላ ሁለት እህቶች ይዘዋት አለርት ሆስፒታል ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው ይህ ቤት ዛሬ የቆዳ ሕክምና ዋና ቦታ ነው። ከምሥራቁ የከተማችን ጫፍ ዘነበወርቅ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ በጠዋት መነሳት ይሻላል። ሐኪሟ ክሬሙን ቀስ በቀስ እንድትተወው አደረገች፤ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፀሐይ እንድትከላከል አጥብቃ ነገረቻት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀዝቀዝ ብትልም ጨረሯ ብርቱ ነው። ለማዲያት ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት የተሻለ እንደሆነም ተነግሯታል። ለውዱእ ውኃ የሚከለክል ንብርብር የሚሠራ ከሆነ ታጥቦ መነሳት አለበት።

አሁን ፊቷ አያቃጥላትም። ማዲያቱ ግን ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። ታሪኳን እንድናትም ስትፈቅድ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃናለች፤ ያ የክሬም ዕቃ ላይ ምን እንዳልነበረ እንድንጽፍ። አምራቹ አልተጻፈበትም፤ ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈበትም፤ የሚያበቃበት ቀንም አልነበረውም።

ወላሁ አዕለም።