ምዕራፍ 6፦ ከሐረጎ ማዶ ያለ ገዢ

ደሴ ላይ ካፖርቱን ደርቦ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በባቲ አድርጎ ሚሌ ይወርድና ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበትን የባቲን የሰኞ ገበያ እያየ ያደገ የወሎ ነጋዴ፣ ዕቃ ወደ ሩቅ መላክ አያስደነግጠውም። የሚያስደነግጠው ባሕር ማዶ የሚጠብቀው ቀረጥ ነው።

አንድ የደቡብ ወሎ ንብ አናቢዎች ማኅበር 5,000 ዩሮ የሚያወጣ ማር ወደ አውሮፓ ላከ እንበል። የአውሮፓ ኅብረት መደበኛ ታሪፍ በማር ላይ 17.3 በመቶ ነው፤ 865 ዩሮ መሆኑ ነው። ቀረጡን የሚከፍለው እዚያ ያለው አስመጪ ቢሆንም፣ ዋጋ ሲደራደር ከላኪው ላይ እንደሚቀንሰው ነጋዴ ያውቀዋል። ኅብረቱ ግን «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በሚባለው ሥርዓት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በጣም ድሃ ከሚባሉት አገሮች የሚመጣን ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ስለዚህ 865 ዩሮው ዜሮ ይሆናል። የላብራቶሪ ምርመራው ግን አይቀርለትም። ስኳር የተቀላቀለበት ማር፣ ቀረጥ ኖረም አልኖረም፣ ከወደብ ይመለሳል።

ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ደግሞ «የኢትዮጵያ ነው» የተባለ ሁሉ አይደለም። ጉምሩክ «የሥሪት አገር» የሚለው ጉዳይ እዚህ ይመጣል። ማር ከዚሁ ቀፎ ስለሚቆረጥ ክርክር የለበትም። ከቻይና የገባ ቦርሳ ላይ ምልክት ለጥፎ መላክ ግን አያዋጣም። ልብስ የሚያስደስት ሕግ አለው፤ ለአውሮፓ ከሆነ ጨርቁ ከየትም ይምጣ፣ ደሴ ላይ ተቆርጦ ከተሰፋ ኢትዮጵያዊ ነው። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠም ላኪው በላኪነት መዝገብ ሳይገባ የሥሪት አገር መግለጫውን ራሱ ኢንቮይሱ ላይ መጻፍ ይችላል። ይህቺን ትንሽ አንቀጽ የሚያውቅ አነስተኛ ነጋዴ ጥቂት ነው።

ከቀረጥ ነፃ መግባት አንዳንዴ ውል፣ አንዳንዴ ስጦታ ነው፤ ሁለቱ እንዴት እንደሚለያዩ ኮምቦልቻ በራሷ ላይ አይታለች። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ ለልብስ አምራቾች ካቀረባቸው ማባበያዎች አንዱ አጎዋ ነበር፤ አሜሪካ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ያወጣችው፣ የአፍሪካን ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚያስገባ ሕግ። ያለ አጎዋ ከጥጥ በተሠራ ቲሸርት ላይ የአሜሪካ መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን በዋጠበት ሰሞን፣ ዋሽንግተን የሰብአዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አስታወቀች። ታኅሣሥ 23 ቀን ውሳኔው ሥራ ላይ ዋለ። የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ እጅጌ ስትሰፋ የነበረች ልጅ ያጠፋችው ነገር አልነበረም። አጎዋ ግን የአሜሪካ የራሷ ሕግ እንጂ የሁለት አገር ውል ስላልሆነ፣ ኢትዮጵያ ይዛ የምትከራከርበት አንቀጽ አልነበራትም። የአውሮፓውም ዕድል ቢሆን ከዚሁ ወገን ነው።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ግን ከሁለቱም ይለያል፤ እሱ ውል ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ አገሮች ተፈራርመውበታል፤ የኢትዮጵያ ፓርላማም በ2011 ዓ.ም. አጽድቆታል። ከዕቃ ዓይነቶች 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ያለው ቀረጥ ቀስ በቀስ እየተነሣ ይሄዳል፤ ለድሃ አገሮች የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ቀጣና ሥር መነገድ የጀመረችው በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለሆነ ወሎ ገና አልዘገየም።

ቡና ለሚያፈቅር ወሎዬ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጥሬ ቡና ከማንም አገር ቢመጣ አውሮፓ አይቀረጥም፤ 7.5 በመቶው ያለው የተቆላው ላይ ነው። ስለዚህ ጥሬውን የሚልክ ከአውሮፓው የቀረጥ ነፃ ዕድል የሚያተርፈው ቀረጥ የለም፤ ቆልቶ የሚልክ ግን ያተርፋል።

ደሴ ያለ ልብስ ሰፊ ወይም ማር አምራች ገዢ ፍለጋ ከመነሣቱ በፊት ኮምቦልቻ ጉምሩክ ወርዶ የዕቃውን የታሪፍ ቁጥር ይጠይቅ። ቀረጡም ሆነ የሥሪት አገር ደንቡ የሚነበበው በዚያ ቁጥር ነው። የማር 0409 ነው።