ብልጭ ብለው የሚሰወሩ ኒውትሮን ኮከቦች

እንደሚታወቀው፣ ከፀሐይ በብዙ እጥፍ የሚከብዱ ኮከቦች ነዳጃቸውን ሲጨርሱ ይፈነዳሉ። ከብዙዎቹ ፍንዳታዎች የሚተርፈው እምብርት ኒውትሮን ኮከብ ይባላል። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ወርዱ ግን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ዳንግላ ከሚያደርሰው መንገድ ያጥራል። ኮከቡ እየተሽከረከረ የሬዲዮ ጨረሩን ዙሪያውን ይልካል። ጨረሩ ወደ ምድር በዞረ ቁጥር አንድ ምት እንቀበላለን። እንዲህ ያለውን ኮከብ ፑልሳር እንለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሞራ ማክላፍሊንና ባልደረቦቻቸው በአውስትራሊያው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ያገኟቸውን 11 እንግዳ ምንጮች ይፋ አደረጉ። እነዚህ ከ2 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ብቻ ብልጭ ብለው በአማካይ ከ4 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይሰወራሉ። ታዲያ የሚሽከረከሩ መሆናቸው እንዴት ታወቀ?

አንድ ድንች ሻጭ ወደ አዲስ ቅዳም የቅዳሜ ገበያ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል እንበል። በተከታታይ በመጣባቸው ቀናት መካከል ያለው ልዩነት 21፣ 35 እና 28 ቀን ቢሆን፣ መቼ እንደሚመለስ ባናውቅም የቁጥሮቹ ትልቁ የጋራ አካፋይ 7 ስለሆነ ገበያው በየ7 ቀኑ እንደሚውል እንረዳለን። ተመራማሪዎቹም የብልጭታዎቹን የጊዜ ልዩነት በዚሁ መንገድ መርምረው፣ ጄ1819-1458 የተባለው ምንጭ በየ4.26 ሰከንዱ አንድ ጊዜ እንደሚዞር ደረሱበት።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ኮከቡ በዝምታው ጊዜ ምን ይሆናል የሚል ነው። መልሱን የሰጠው ኤክስሬይ ነው። ኤክስሬይ ከባቢ አየራችንን አልፎ መሬት ስለማይደርስ በሳተላይት ይጠናል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኡሁሩም እ.ኤ.አ. በ1970 የተወነጨፈችው ከጎረቤታችን ከኬንያ የባሕር ዳርቻ ነበር። የቻንድራ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2005 የአንድ ፍንዳታ ቅሪትን ሲመለከት ጄ1819-1458 በዚያው ምስል ውስጥ ተገኘ። ቀጥሎም ኤክስኤምኤም-ኒውተን ባደረገው ምልከታ የኤክስሬዩ ድምቀት በዚያው በ4.26 ሰከንድ ዑደት ከፍና ዝቅ እንደሚል ታየ።

የገጹ ሙቀት 1.6 ሚሊዮን ኬልቪን ያህል ነው። በዊን ሕግ መሠረት 2.9 ሚሊ ሜትር-ኬልቪንን ለዚህ ሙቀት ብናካፍል 1.8 ናኖ ሜትር እናገኛለን፤ ይህም የኤክስሬይ የሞገድ ርዝመት ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ዝም ቢልም ኮከቡ አልጠፋም፤ ከውልደቱ የቀረውን ሙቀት እየረጨ ይዞራል። መግነጢሳዊ መስኩ ከምድር መስክ መቶ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል የሚበረታ በመሆኑም ማግኔታር ወደሚባሉት ኮከቦች ይጠጋል።

ይህ ዝምድና ትልቅ ትርጉም አለው። በጋላክሲያችን በ100 ዓመት ውስጥ ሁለት ያህል ከባድ ኮከቦች ብቻ እንደሚፈነዱ ይገመታል። ፑልሳሮች፣ ማግኔታሮችና እነዚህ ብልጭ ባዮች ሁሉ ለየብቻቸው የሚወለዱ ቢሆኑ ግን ድምራቸው ከፍንዳታዎቹ ቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ የአንድ ኮከብ የተለያዩ የዕድሜ ደረጃዎች መሆን አለባቸው። የትኛው ወደ የትኛው እንደሚለወጥ ለመለየት ሙቀታቸውን፣ ዕድሜያቸውንና መስካቸውን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የሁለቱ ሳተላይቶች መዛግብት ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ ክፍት ናቸው። ፊዚክስና ኮምፒውተር የሚያውቅ ተማሪ በአገሩ ተቀምጦ በዚህ ጥያቄ ላይ ሊሠራ ይችላል።