ድምፅ ያለው ገለጻ ስለ ማዘጋጀት

ስለ ንጹሕ ውኃ አያያዝ የተዘጋጀ ገለጻ ምንም ያህል ቢያምር፣ ፊደል ላልቆጠረች እናት ዝምተኛ ሥዕል ነው። ድምፅ ሲታከልበት ግን ትምህርት ይሆናታል።

በጉግል ስላይድስ ለማዘጋጀት በመጀመሪያ የየገጹን ማብራሪያ ጸጥ ባለ ስፍራ ለየብቻ መቅዳት ይገባል፤ ይህም አንዱ ሲታረም ሌላው እንዳይነካ ነው። ቀጥሎ ቅጂውን በኤምፒስሪ ወይም በዌቭ ዓይነት በጉግል ድራይቭ አስቀምጦ፣ «አስገባ» ከሚለው ዝርዝር ድምፅን በመምረጥ ከገጹ ጋር ማያያዝ ነው። ገጹ ሲከፈት ድምፁ በራሱ እንዲጀምር ማድረግም ይቻላል።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፦ ገለጻውን ማጋራት ብቻ የድምፁን ፋይል አያጋራም። ለፋይሉም ፈቃድ ካልተሰጠ ተቀባዩ ሥዕሉን ያያል እንጂ ቃሉን አይሰማም። ስለዚህ ከማሠራጨት አስቀድሞ በሌላ ባልደረባ አድራሻ ከፍቶ ማድመጥ ተገቢ ነው።