ፍንጭትን መዝጋት፦ ከአፍ የሚወልቅ መሣሪያ የሚችለውና የማይችለው

አሜሪካዊቷ ሞዴል ሎረን ኸተን ሥራ በጀመረችበት ዘመን፣ ፎቶ ልትነሣ ስትል በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል ያለውን ክፍተት በሰም ትደፍነው ነበር። ሰሙ አስከሬን የሚያሰናዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ሬቭሎን የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ከነፍንጭቷ ማስታወቂያ እንድትሠራለት አስፈረማት። ከእርሷ ብዙ ዘመን በኋላ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የነበረውና ኋላ የቴሌቪዥን አቅራቢ የሆነው ማይክል ስትሬሃን በ2021 ፍንጭቱን ሐኪም ዘንድ ሲያስዘጋ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። አድናቂዎቹ «ምን ነካው!» እያሉ ሲንጫጩ ሰነበቱና ነገሩ አፕሪል ዘ ፉል ሆነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለፍንጭት ጠበቃ መቆም አያስፈልግም። ዘፋኙ ያሞግሰዋል፣ ጎረምሳው ይማረክበታል፣ እናት በልጇ ላይ ስታየው ደስ ይላታል። በናይጄሪያ ጥርሳቸውን በሐኪም አስሞርደው ፍንጭት የሚያሠሩ ሰዎች እንዳሉ ተጽፏል። ፍንጭት በራሱ በሽታ አይደለምና ፍንጭቱን የሚወድ ሰው ይህን ምዕራፍ ቢያልፈው የሚቀርበት ነገር የለም። ምዕራፉ የተጻፈው ለሌሎቹ ነው፤ ክፍተቱ ሰፍቶ ሲናገሩ ፉጨት ለሚጨምርባቸው፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ለሚከልሉ፣ ትናንት ያልነበረ ክፍተት ዛሬ መስታወት ፊት ላገኙ።

እነዚህ ሰዎች ክሊኒክ ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ «በስንት ወር ይዘጋል?» የሚል ነው። መቅደም ያለበት ግን «ለምን ተከፈተ?» የሚለው ነው። መሣሪያው የሚመረጠውም፣ የተዘጋው ተመልሶ መከፈት አለመከፈቱ የሚታወቀውም ከዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ከልጆች እንጀምር። አንድ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው የላይኞቹ ትልልቅ የፊት ጥርሶች ተራርቀው፣ ጫፋቸው ወደ ጎን ተንጋድዶ ይወጣሉ። ወላጅ ይደነግጣል። ነገር ግን የክሊቭላንዱ ሐኪም ሆሊ ብሮድቤንት በ1930ዎቹ የልጆችን ጭንቅላት ከዓመት ዓመት በራጅ እየተከታተለ እንዳሳየው ይህ የዕድገት ወግ ነው። ገና ያልወጡት ክራንቻዎች አጥንት ውስጥ ሆነው የጎረቤቶቻቸውን ሥር ስለሚጫኑ የፊት ጥርሶች ጫፍ ይከፈታል። በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ዓመት ክራንቻዎቹ ሲወርዱ ያንኑ ጫፍ ከግራና ከቀኝ ገፍተው ይሰበስቡታል። እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ በራሱ ይዘጋል። በስምንት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ መሣሪያ ለማስገባት መቸኮል ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ሊወርድ ባለው ክራንቻ መንገድ ላይ የጎረቤቱን ሥር እንደ መግፋት ነው።

በኢትዮጵያ ይህን የተፈጥሮ ሥራ የሚያሰናክል አንድ ልማድ አለ፦ የወተት ጥርስ ማስነቀል። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው «ከድዱ ነው» ይባልና ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ከሥሩ የሚጠብቀው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥ አብሮ ሊቆስል ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን ያዩ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ጉዳት በ1990ዎቹ በጥናት መዝግበውታል። እንዲህ ባለ አፍ ውስጥ ክፍተት ሲታይ ሐኪሙ መጀመሪያ ራጅ አንስቶ የትኛው ጥርስ እንዳለና የትኛው እንደሌለ ይቆጥራል።

ሌሎች መንስኤዎችም አሉ። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የምታያይዘው ቀጭን ሥጋ ወፍራም ሆና በሁለቱ ጥርሶች መካከል ስትሰነቀር ትከፍታቸዋለች፤ ሐኪሙ ከንፈሩን ወደ ላይ ሳብ ሲያደርግ በጥርሶቹ መካከል ያለው ድድ ከነጣ ተጠርጣሪዋ እርሷ ናት። አንዳንዴ መካከል ላይ ትርፍ ጥርስ ተቀብሮ ይገኛል። አንዳንዴ ከፊት ጥርሶች ጎን ያሉት ጥርሶች ቀጫጭን ናቸው ወይም አልበቀሉም። ጣት የመጥባት ልማድ፣ ሲውጡ ምላስን ወደ ፊት መግፋትም ጥርስ ያራርቃል።

በአርባ ዓመት የተከፈተ ክፍተት ግን ሌላ ነገር ነው። ድሮ ገጥመው የነበሩ ጥርሶች ከተራራቁ ብዙውን ጊዜ ድዱ ታሟል፣ አጥንቱም ሸሽቷል ማለት ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ድዱ ሳይታከም ጥርሱን መግፋት የቀረውንም አጥንት ያሳጣል። ሐኪሙ «መጀመሪያ ድድህን እናክም» ሲል ቀጠሮ እያበዛ አይደለም።

አሁን ወደ መሣሪያው። ሲታይ ትንሽ ነገር ነው፤ ከላንቃ ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ ሮዝ ወይም ባለ ቀለም የአክሪሊክ ሰሌዳና ከውስጡ የሚወጡ ሽቦዎች። በ1919 አሜሪካዊው ቻርልስ ሃውሊ የተስተካከሉ ጥርሶች ባሉበት እንዲቆዩ ብሎ የሠራው ሰሌዳ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የፊት ጥርሶችን ከውጭ በኩል ከክራንቻ እስከ ክራንቻ የሚያቅፈው ሽቦ 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መንጋጋ ላይ የሚነክሰው ማያያዣ ፊሊፕ አዳምስ የተባለ ሐኪም በ1950 አካባቢ ያስተዋወቀው ነው፤ ሁለት ጥቃቅን የሽቦ ቀለበቶች ጥርሱ ወደ ድድ ሲወርድ በሚጠብበት ቦታ ገብተው ሰሌዳውን ይይዙታል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ከሰሌዳው የሚወጡት ጣት የመሰሉ ስፕሪንጎች ናቸው። ውፍረታቸው 0.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ የፊት ጥርስ የውጭ ጎን ላይ ያርፋሉ። ሐኪሙ በፕላየር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መካከል ያጎብጣቸዋል፤ ሰሌዳው አፍ ውስጥ ሲገባ ስፕሪንጉ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲል ጥርሱን በቀስታ ይገፋል። ግፊቱ ከ25 እስከ 50 ግራም ቢሆን ነው።

ይህ ትንሽ ግፊት ይበቃል ወይ? ጥርስ አጥንት ውስጥ የተተከለው በቀጥታ ሳይሆን 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል በምትሰፋ የጅማት ሽፋን ተንጠልጥሎ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት ከመቶ ዓመት በፊት በውሻ ጥርስ ላይ ሞክሮ እንዳየው፣ ጥርሱ በሚገፋበት በኩል አጥንት ይበላል፣ በሚሸሽበት በኩል አዲስ ይሠራል። ግፊቱ ሲበረታ ግን የደም ሥሮቹ ይታፈኑና በዚያ በኩል ያለው ሕዋስ ይሞታል፤ ጥርሱም ከመሄድ ይልቅ ይቆማል። «ቶሎ እንዲያልቅ» ብሎ ስፕሪንጉን በቤቱ የሚያጠብቅ ሰው ሥራውን የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ደኅናው ፍጥነት በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ላለው ሰው እያንዳንዱ ጥርስ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ስለሆነ፣ መሣሪያውን በወጉ ካደረገ ክፍተቱ በጥቂት ወራት ይገጥማል።

መሣሪያው የማይችለውም አለ። ስፕሪንጉ ጥርሱን የሚነካው በአንድ ነጥብ ላይ ስለሆነ ጥርሱ አናቱን እንደተገፋ የአጥር እንጨት ያዘነብላል እንጂ ሥሩ አብሮት አይሄድም። ጫፋቸው ወደ ውጭ የተከፈተ ጥርሶች ሲያዘነብሉ ቀጥ ይላሉና ውጤቱ ያምራል። ቀድሞውንም ቀጥ ብለው የተራራቁ ከሆኑ ግን ጫፋቸው ተነካክቶ ሥራቸው እንደተራራቀ ይቀራል። እንዲህ ላለው በጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ብሬስ ይሻላል። የታችኞቹ ጥርሶች ከኋላ የላይኞቹን ከተደገፉም የላይኞቹን ወደ ውስጥ መሳብ አይቻልም፤ መጀመሪያ ንክሻው ከፍ ማለት አለበት። ጎን ያሉት ጥርሶች ቀጫጭን በሆኑበት አፍ ደግሞ የመካከሉ ክፍተት ሲዘጋ በግራና በቀኝ ሌላ ይከፈታል፤ እዚያ ላይ ቀጫጭኖቹን ኮምፖዚት በተባለ ጥርስ መሰል መሙያ መሙላት ወይም ቪኒየር በተባለ ስስ ልባስ ማስፋት ይመጣል።

ሰሌዳው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ያስቸግራል። ምራቅ ይበዛል፣ «ሰ»፣ «ዘ» እና «ጸ» ምላስ ላይ ይንሸራተታሉ። ጮክ ብሎ ጋዜጣ ማንበብ ምላስን ቶሎ ያለማምዳል። ቆሎ፣ ጥሬ ሽምብራና ሸንኮራ ሽቦውን ያጣምማሉ። ሰሌዳው የሚወልቀው ሊታጠብ ነው፤ ቀን አውልቆ ሌሊት ብቻ የሚያደርግ ሰው ጥርሱን ማታ ገፍቶ ቀን ይመልሰዋል።

ሽቦ የሌለው ዘመናዊ አማራጭ ግልጹ አላይነር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሃሮልድ ኬስሊንግ በ1945 ጥርስን ቀስ በቀስ የሚያስተካክል የጎማ ሽፋን ሠርቶ ነበር። ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረቱት ኩባንያ፣ በኢንቪዛላይን ስም የሚታወቀው፣ ይህንኑ ሐሳብ በኮምፒውተር እያንዳንዱን እርምጃ አስልቶ በተከታታይ ቀጫጭን ሽፋኖች ከፋፈለው። አንዱ ሽፋን ጥርሱን ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት በሌላ ይተካል። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሲበሉና ከውኃ ሌላ ነገር ሲጠጡ ይወልቃል። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል፦ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራትና ጥርስ ለመፋቅ የሚቀረው ሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚቀመጥ ሰው ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ለአንድ ረከቦት ሰጠ ማለት ነው። ሽፋኑን ሳያወልቁ ትኩስ ቡና መጠጣት ደግሞ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ያበልዘዋልም።

አላይነርን ሐኪም በአካል ሳያይ በፖስታ መላክም ተሞክሯል። በ2014 የተመሠረተው የአሜሪካው ስማይል ዳይሬክት ክለብ ደንበኛው የጥርሱን ልክ ቤቱ ወስዶ እንዲልክ ያደርግ ነበር። በ2019 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ፤ በመስከረም 2023 የኪሳራ አቤቱታ አስገባ፣ በታኅሣሥ ተዘጋ። ሕክምና ላይ የነበሩት ደንበኞች ጥርሳቸው መንገድ ላይ እያለ የሚጠይቁት አካል አጡ።

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም አደገኛው ግን ትንሿ ላስቲክ ናት። በኢንተርኔት ቪዲዮዎች ላይ ወጣቶች ሁለቱን የፊት ጥርሶች በላስቲክ አስረው «በሳምንት ዘጋሁ» ሲሉ ይታያል። እውነትም ይዘጋል። የጥርስ ሥር ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ በመሆኑ ላስቲኳ ቀስ እያለች በድዱ ሥር ትንሸራተታለች፤ ባለቤቱ ተበጥሳ የወደቀች ይመስለዋል። እርሷ ግን ሥሩን እየተከተለች ጥርሱን የያዘውን ጅማት እየቆረጠች ትወጣለች። ድዱ ያብጣል፣ ጥርሶቹ ይረዝማሉ፣ ይነቃነቃሉ፤ ራጅ ሲነሣ ላስቲክ ስለማይታይ ሐኪሙም መንስኤውን ላያገኘው ይችላል። ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶች በዚህ ምክንያት መነቀላቸውን የሚያሳዩ የሕክምና ዘገባዎች ጥቂት አይደሉም። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ደጋግሞ ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነው። በልኩ የተሠራ መሣሪያ ላይ ላስቲክ ሲያያዝ መንጠቆ አለው፤ ባዶ ጥርስ ላይ የታሰረ ላስቲክ መቆሚያ የለውም።

ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ደስታው ሊያሳስት ይችላል፤ የመካከል ክፍተት በቀላሉ ከሚያገረሹት ጉድለቶች አንዱ ነው። ኖርዌያዊው ኮሬ ራይታን በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ በድድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ጥርሱ ቦታውን ከለወጠ ከ232 ቀን በኋላም እንደተወጠሩ ነበሩ። ክሮቹ እንደተሳቡ እስካሉ ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይጎትቱታል። ወፍራሟ የከንፈር ማያያዣ መንስኤ ከሆነችም ትቆረጣለች፤ ብዙ ሐኪሞች የሚቆርጧት ግን ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ቀድማ ብትቆረጥ ጠባሳው ራሱ ጥርሶቹን ከመግጠም ሊያግድ ይችላል።

ስለዚህ ለወራት ሙሉ ቀን፣ ከዚያም ለዓመታት ማታ ማታ የሚደረግ፣ ጥርሱን ባለበት የሚያቆይ ሪቴይነር ይሰጣል፤ ክፍተቱ ሰፊ ለነበረ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ጥርሶች ጀርባ ቀጭን የተገመደ ሽቦ ይለጠፋል። የሚወልቀው ሪቴይነር ዋና ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፦ ሙቅ ውኃ፣ ሶፍትና ውሻ። ሙቅ ውኃ ያጣምመዋል፤ ምግብ ቤት በሶፍት ተጠቅልሎ ትሪ ላይ የተቀመጠው ከፍርፋሪው ጋር ይጣላል፤ የምራቁ ሽታ የሚስበው ውሻ ደግሞ እንደ አጥንት ይቆረጥመዋል። የተለጠፈው ሽቦ የራሱ ነገር አለው፤ ከአንዱ ጥርስ ላይ ሲላቀቅ ስለማያምም ባለቤቱ አያውቅም፣ ክፍተቱ ግን በሳምንታት ውስጥ መታየት ይጀምራል። በየማታው በምላስ ጫፍ ሽቦውን መዳሰስ፣ በስድስት ወር አንዴ ሐኪም ዘንድ ብቅ ማለት፣ ሕክምናው ሲያልቅ የተወሰደውን የጄሶ ልክ ወይም የስካን ፋይል ለራስ ማስቀረት ያስፈልጋል፤ ሪቴይነሩ ሲጠፋ ሌላ የሚሠራው ከእርሱ ነው።